ያዮ ላይ ዕቃ ለምታደርሱ፣ ዕቃ ለምታስልኩም

በያዮና በመቱ መካከል በሞተርና በባጃጅ ዕቃ ማድረስ የጀመሩ ልጆች በውስጥ መስመር እየጻፉልኝ ነው። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ገቢው ነው። እኔ ግን በሰላም ወጥቶ በሰላም ስለመግባት ልጻፍላችሁ፣ ምክንያቱም ገቢውም የሚኖረው ሰውየው ሲኖር ነው።

የእኛ ሥራ እንደ አዲስ አበባ በመተግበሪያ የሚታዘዝ አይደለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከጅማ የተላከ ካርቶን በአውቶቡስ ይመጣል፣ ረዳቱ ይደውላል፣ መናኸሪያ ሄደን እንረከባለን፣ ከዚያ ለባለሱቁ ወይም ገጠር ቀበሌ ላለው ሰው እናደርሳለን። ሒሳባችን በዕቃ ነው። ብዙ ያደረሰ ብዙ ያገኛል፤ ችኮላውን የሚያመጣውም ይኸው ነው። በመንገዱ ከምናማርር በፊት ይህን ብናምን ጥሩ ነው።

መንገዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከበደሌ ተነስቶ በያዮ፣ በሁሩሙ፣ በመቱና በጎሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መስመር የሚያልፈው በደን ውስጥ ነው። የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ፣ የዱር ቡና የሚበቅልበት ሀብታችን ነው፤ ለነጂ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ጠዋት ጉሙ ቶሎ አይነሳም። ዝናቡ ካባራ በኋላ ፀሐይ ያገኘው አስፋልት ሲደርቅ፣ ዛፍ ያጠላበት ኩርባ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ደረቁን አምናችሁ በፈጠናችሁበት ፍጥነት እርጥቡ ላይ ከገባችሁ ጎማው አይይዝም። ዝንጀሮም ሳይታሰብ መንገድ ያቋርጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ይህ ገና እጁ ፍሬን ሳይጨብጥ ነው።

ወደ ገባ ወንዝ ሸለቆ በሚወርዱት ዓይነት ቁልቁለቶች ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ በፎሌ የሚወርዱ ልጆች አያለሁ። ተዉት፣ እለምናችኋለሁ። በፎሌ ስትወርዱ ሞተሩ አይይዛችሁም፣ ጭነቱን በሙሉ የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። ዝቅተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ሞተሩ እያጓራም ቢሆን፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

አሁን ስለ ጭነት። ሞተር ላይ ከኋላ የሚታሰር ዕቃ ከትከሻችሁ በላይ መውጣት የለበትም። ክብደቱ ወደ ኋላ ሲበዛ የፊት ጎማ ይቀልላል፤ የሚመራችሁ ደግሞ እሱ ነው። ጭቃ ላይ መሪው ወዴት እንደሚሄድ አታውቁም። ዕቃውን የምታስሩበትን ካላማዳሪ ሁለት ጊዜ አቋርጣችሁ እሰሩ፣ ትንሽ ከሄዳችሁ በኋላ ቆማችሁ በእጅ ነቅንቁት፤ መጀመሪያ የጠበቀ ካርቶን በመንገዱ ንቅናቄ ይላላል። የተንጠለጠለ ጫፍም አትተዉ፤ ኋላ ጎማ ላይ ከተጠመጠመ ይጥላችኋል። ባጃጅ ላይ ከባዱን ዕቃ ወደ አንድ ጎን አትጫኑ፣ ኩርባ ላይ ይገለብጣል።

በጄሪካን የተሞላ ቤንዚን «አድርስልኝ» ሲሏችሁ እምቢ በሉ። ከጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ታስሮ ሲሄድ ማየት ያስፈራል፤ ምንም ያህል ቢከፈል አያዋጣም። የታሸገ ዕቃም ቢሆን የሚያስረክባችሁ ሰው ፊት ለፊታችሁ ከፍቶ ካላሳየ አትረከቡ። ኬላ ላይ የሚጠየቀው ተሸካሚው ነው። የዕቃ ዋጋ ተቀብላችሁ የምትመልሱ ከሆነ ገንዘቡ በቴሌብር ይላክ፤ በተለይ ቡና በሚለቀምበትና በሚሸጥበት ወቅት ጥሬ ብር ይዞ በጫካ መንገድ ማምሸት ለአደጋ ያጋልጣል።

ሄልሜት የትራፊክ ፖሊስ መሸንገያ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የተሠሩ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ እንደሚያሳየው ሄልሜት በአደጋ የመሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የሚሆነው ግን የአገጭ ማሰሪያው ሲቆለፍ ነው። ክንዳችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁት ሄልሜት ክርናችሁን ካልሆነ ምንም አያድንም።

ሰው ከወደቀ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሄልሜቱን ጎትታችሁ አታውልቁ፣ አጣጥፋችሁም ባጃጅ ውስጥ አታስገቡት፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ። ከአካባቢያችን ሪፈር የሚባለው ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ነው። በተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ 799/2005 መሠረት በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው ድንገተኛ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ይህን ሳታውቁ በር ላይ አትመለሱ። የሦስተኛ ወገን መድን ካሳ የሚከፍለው ግን እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው፣ ለነጂው አይደለም። ስለዚህ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ውል ይኑራችሁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። በራሳችሁ ሞተር የምትሠሩ ደግሞ አቅማችሁ በፈቀደ ጊዜ የራሳችሁን የአደጋ መድን ግቡ።

የመጨረሻው ለእናንተ ለባለሱቆችና ለደንበኞች ነው። ልጁ መናኸሪያውን ከለቀቀ በኋላ ስልኩ አያርፍም። «የት ደረስክ?» ትላላችሁ፣ ካላነሳ ደግማችሁ ትደውላላችሁ፣ ሌላውም ይደውላል። በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ስልክ ይዞ ኩርባ የሚዞረው እናንተን ላለማስቀየም ነው። የትራፊክ ደንቡም እየነዱ በስልክ ማውራትን ይከለክላል። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልጁ ሲነሳ አንዴ ይደውል፣ ሲደርስ አንዴ ይደውል። በመሃል አትደውሉለት። አስቸኳይ ጉዳይ ካለ መልእክት ጻፉለት፣ ሲቆም ያነበዋል። እናንተም ነጂዎች፣ ስልኩ ከጠራ ዳር ይዛችሁ፣ ሞተር አጥፍታችሁ አንሱ።

ይህን ጽሑፍ ዕቃ ለምታስልኩበት ልጅ ብቻ ሳይሆን በየሱቁ ግሩፕ አጋሩት።