ለዕድሜ ልክ አራት ግራም

አንድ ሰው ሰባ ዓመት ቢኖር፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ሰውነቱ የሚፈልገው አዮዲን በአንድ ላይ ቢሰበሰብ አራት ግራም አይሞላም። ሂሳቡን ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን 150 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። 150 በ365 ቀን፣ ያም በ70 ዓመት ሲባዛ 3.8 ግራም ይሆናል። በሀዲያ ሶሮ ወረዳ፣ ጊምቢቹ ውስጥ አንዲት እናት ወጥ ላይ የምትጨምረው አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ከዚህ ይከብዳል።

ይህች ቅንጣት ስትጎድል ግን የሚጎድለው ብዙ ነው። አንገት ላይ የሚወጣው እንቅርት ለዓይን የሚታየው ጉዳት ብቻ ነው፤ የከፋው አይታይም። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ አዮዲን ካጣች የፅንሱ አእምሮ በሚገባው ልክ አያድግም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል አልያዝ ሲለው “ሰነፍ” ይባላል እንጂ አዮዲን ጎድሎት ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ በሚሊዮንኛ ግራም የሚመለስ ጉድለት የልጅ ስም ሆኖ ይቀራልና።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በተደረገ ሀገር አቀፍ ጥናት፣ በዕድሜ ለትምህርት ከደረሱ መቶ ልጆች አርባ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ሀዲያና ከምባታ በነበሩበት በያኔው የደቡብ ክልል ደግሞ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ነበር።

ምክንያቱ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው። አዮዲን በውሃ ይሟሟል፤ ዝናብ በበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ለሺህ ዓመታት ሲታጠብ የኖረ መሬት አዮዲኑን ለጎርፍ ሰጥቷል። የሶሮ ወረዳ ጎርፍ ወደ ኦሞ ይወርዳል፣ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቆጮው፣ ቡላው፣ ጎመኑ የሚበቅለው ከተረፈው አፈር ላይ ነው። እንሰቱን አዮዲን የለህም ብሎ መውቀስ አይቻልም፤ መሬቱ ያልሰጠውን ከየት ያመጣል? የስዊዘርላንድ ተራራ ነዋሪዎችም በዚሁ ምክንያት በእንቅርት ሲሠቃዩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ጨዋቸው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ።

ጨው የተመረጠው ሀብታምም ድሃም በየቀኑ፣ ያውም ተቀራራቢ በሆነ መጠን ስለሚበላው ነው። በአንድ ኪሎ ጨው 30 ሚሊግራም አዮዲን ቢገባ፣ በቀን አምስት ግራም ጨው የሚበላ ሰው ልክ 150 ማይክሮግራሙን ያገኛል። አሁን ቁጥሩን ከፍ እናድርገው። በአንድ ኩንታል ጨው ውስጥ የሚገባው አዮዲን ሦስት ግራም ነው። አንድ መቶ ኩንታል በጫነ መኪና ውስጥ 300 ግራም ነው። ጨው ላይ የሚረጨው ፖታሲየም አዮዴት የሚባለው ውህድ ነው፤ ከክብደቱ ስድሳ በመቶ ያህሉ አዮዲን ስለሆነ ለዚያ ሁሉ ጭነት ግማሽ ኪሎ ይበቃል።

ሀገሩን በሙሉ እናስላ። ሕዝቡን 120 ሚሊዮን ብንለው፣ ለሁሉም የሚበቃው የአንድ ቀን አዮዲን 18 ኪሎ ነው። አንድ ጎረምሳ ተሸክሞት ይሄዳል። የዓመቱ ሲደመር 66 ኩንታል ገደማ ነው፤ ከሞያሌ እስከ ሽሬ፣ ከጋምቤላ እስከ ጅግጅጋ ላለ ሰው ሁሉ፣ ለዓመት፣ አንድ የጭነት መኪና!

ታዲያ እንዲህ ትንሽ ከሆነ ስለ ምን ለዓመታት ለሁሉ አልደረሰም? ከኤርትራ ጋር እስከተደረገው የ1990 ዓ.ም የድንበር ጦርነት ድረስ አዮዲን ያለው ጨው ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ያ መንገድ ሲዘጋ ሀገሩ ፊቱን ወደ አፍዴራ አዞረ፤ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የአፋር ሐይቅ ጨው እየወጣ፣ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሆሳዕና ይወጣል። ጨው አልጠፋም፤ የጠፋው አዮዲኑ ነው። ድሮም እንቅርት ለበዛበት ሀገር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ በወጣበት በ2003 ዓ.ም የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው ያገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም ግን 89 ደረሰ።

በአምስት ዓመት ይህን ያህል መሄድ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የአዮዲኑ ልክ ሲመረመር፣ በቂ መጠን ያለው ጨው የተገኘው ከሦስት ቤት በአንዱ እንኳ አልነበረም። ለእኔ ከሁሉ የሚያስገርመው ይኸ ነው። አስቸጋሪው ትንሽነቱ ሳይሆን ማዳረሱ ነው። ሦስት ግራም አንድ ኩንታል ላይ ሲረጭ፣ ጊምቢቹ ገበያ በጣሳ ተሰፍሮ የሚሸጠው፣ ከዚያም ላይ በሁለት ጣት የሚቆነጠረው ጨው ሁሉ እኩል ድርሻ ሊደርሰው ይገባል። የላዩ ተረጭቶ የሥሩ ከቀረ፣ አንዱ ቤት ሲበዛበት ጎረቤቱ ባዶውን ይበላል።

የደረሰውም ቢሆን ይጠፋል። ጨው ተከፍቶ ከምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው አዮዲኑ ይቀንሳል። አንኳር ጨው ንጹሕ ይሁን ተብሎ ሲታጠብ ደግሞ ላዩ ላይ የተረጨው ከውሃው ጋር ይፈስሳል። ክዳን ያለው ዕቃ፣ ደረቅ ቦታ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር፤ ወጪ የሌላቸው ሦስት ነገሮች ናቸው። ቡናውን በጨው የሚጠጣ ቤት ካለ፣ ከጀበናው ይልቅ ሲኒው ላይ መጨመሩ ይሻላል።

የአዮዲን ጨው ትልቁ ጥቅም፣ ልኬቱን ሌላ ሰው አስቀድሞ ስለሠራው እናቲቱ መመዘን የማያስፈልጋት መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር እንዲህ አይደለም። ኮሶ ዘመናት ያገለገለ የትል መድኃኒት ነው፤ የፈውሱና የመርዙ መጠን ግን ተቀራራቢ ስለሆነ፣ አብዝቶ ጠጥቶ ዓይኑን ያጣ ሰው በሕክምና መዝገብ አለ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ለምለምም በግራም የሚለካ ነው። ሙሉ ፓኮው 20.5 ግራም ሲሆን፣ ግሉኮሱ 13.5፣ ጨው 2.6 ነው፤ የሚበጠበጠውም በልክ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ቀድሞ ግሉኮሱ 20፣ ጨው 3.5 ግራም ነበር። ሁለቱም በጥቂት ግራም ሲቀነሱ፣ በደም ሥር ፈሳሽ መውሰድ ያስፈለጋቸው ልጆች ቁጥር በሲሶ ወረደ። ቤት ውስጥ ፓኮው ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ነው፤ ማንኪያው ተስተካክሎ እንጂ ተቆልሎ አይደለም። ጨው ሲበዛ ከልጁ ሕዋሳት ውሃ ይስባል፣ ስኳር ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሳል። አብሮ የሚሰጠው ዚንክ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም ነው፤ የአሥር ቀኑ ቢደመር የግራም አንድ አምስተኛ።

ወደ አዮዲኑ ስንመለስ፣ ነፍሰ ጡር በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል። ያን ለማግኘት ግን ጨው አብዝታ መብላት የለባትም፤ ለደም ግፊቷ አይበጅም። መፍትሔው ጉሮሮ ሥር ያለችው፣ ሃያ ግራም ያህል የምትመዝነው ታይሮይድ ዕጢ ናት። ጤነኛ ዕጢ ከ15 እስከ 20 ሚሊግራም አዮዲን እንደ ጎተራ ታከማቻለች፤ ይህም በቀን 150 ማይክሮግራም ሲሰላ ከሦስት ወር ቀለብ ያልፋል። የፅንሱ አእምሮ መሠረት የሚጣለው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ፅንሱ የራሱን የታይሮይድ ሆርሞን ስለማይሠራ የሚኖረው ከእናቱ በሚያገኘው ነው። ብዙ ሴት ደግሞ በነዚያ ወራት መፀነሷን ገና አላወቀችም፣ ጤና ጣቢያም አልሄደችም። ስለዚህ ጎተራው መሞላት ያለበት ቀደም ብሎ ነው፤ ልጅቷ ገና በእናቷ ቤት ሳለች፣ ከእናቷ ወጥ።