ከቁሌቱ በፊት

(ድምፅ፦ ሽንኩርት ሲከተፍ፤ ራቅ ብሎ የበግ ጩኸት)

ተራኪ፦ የትንሣኤ ዋዜማ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ከየግቢው የሚወጣው የቁሌት ሽታ መንገዱን ሞልቶታል። ዶሮው ተገንጥሎ በሎሚና በጨው እየታጠበ ነው። በጉ አጥር ሥር ታስሯል። ከጓሮ በኩል ደግሞ ሰንሰለት ይንቋቋል፤ ውሻው ቡቺ አፍንጫውን ሰቅሎ ያነፈንፋል።

ቡቺም ጾሞ ነው የከረመው። ቤተሰቡ ለ55 ቀን ሽሮና ምስር ሲበላ እሱም የሚደርሰው የዚያው ትራፊ ነበር። ድመቷ አይጥም ወፍም አድና ትቀምሳለች፤ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ግን ከተጣለለት ሌላ የሚያገኘው የለውም። ሌሊት ጾሙ ሲፈታ፣ ጠዋት በጉ ሲታረድ፣ ከቤቱ አንዱ ማለቱ አይቀርም፦ ለእሱም ይድረሰው እንጂ፤ ዓመት በዓል አይደል?

አዎ፣ ይድረሰው። ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ሲጠብቅ የከረመ እንስሳ በበዓል ቀን ሊረሳ አይገባም። የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያ ድርሻ ነው፤ ከምን ተቀንሶ፣ መቼ ቢሰጥ እንደሚበጅ።

(ድምፅ፦ ድስት ሲንተከተክ)

ከድስቱ እንጀምር። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ሽንኩርት የሚያቁላሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ያ ሁሉ ሽንኩርት ውሃው መጥጦ፣ ልሞ፣ ከበርበሬውና ከቅቤው ጋር ስለሚዋሃድ ሳህን ላይ ሲቀርብ ለዓይን አይታይም። ለውሻና ለድመት ግን መርዝ ነው። በውስጡ ያሉት የድኝ ውህዶች የእንስሳቱን ቀይ የደም ሴሎች እያፈረሱ ደም ማነስ ያመጣሉ። መቁላላትም፣ መድረቅም፣ መፈጨትም ይህን ጠባዩን አያጠፋውም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ግራም ለግራም ሲነጻጸር ይብሳል።

ሒሳቡን እንሥራው። በእንስሳት ሕክምና ለውሻ አደገኛ የሚባለው መጠን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ነው። ለድመት 5 ግራም ይበቃል። አሁን 2 ኪሎውን ሽንኩርት ለዶሮው 12 ብልት አካፍሉት። የአንድ ብልት ድርሻ ከ160 ግራም ይበልጣል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንዱን ብልት ከነወጡ ከበላ፣ ጉዳት ሊጀምር ከሚችልበት መጠን ላይ ደረሰ ማለት ነው። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት 15 ግራም፣ ማለትም እንጀራ ላይ የፈሰሰ አንድ ሁለት ማንኪያ ወጥ በቂ ነው።

ክፉው ነገር ምልክቱ የሚዘገይ መሆኑ ነው። በበዓሉ ቀን ምንም ላይታይ ይችላል። ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ውሻው ይደክማል፣ ምግብ ይጠላል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ሽንቱ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቀይ ያደላል። ያኔ በዓሉ አልፏል፤ ሕመሙን ከፋሲካው ወጥ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። ሮዝ ሆኖ የቆየ ድድ ከነጣ ወይም ቢጫ ከመሰለ፣ ሳታሳድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

አጥንቱስ? የዶሮ አጥንት ሲበስል ይደርቃል፤ ሲቆረጠም ይሰነጠቅና የሾለ ስባሪ ይሆናል። ጉሮሮ ላይ ይሰካል፣ አንጀት ይበሳል። ጮማውና ንጥር ቅቤው ደግሞ ለሁለት ወር ያህል ቅባት ያልቀመሰ ሆድ ላይ ድንገት ሲወርድ ቆሽትን ያስቆጣል፤ ትውከቱና የሆድ ሕመሙ ከዚያ ይመጣል። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ ጠላና ጠጅም አይሰጣቸው።

(ድምፅ፦ ቢላዋ ሲሳል፤ የሰዎች ጫጫታ፤ የውሾች ማጉረምረም)

ተራኪ፦ እስካሁን ያነሣነው እንስሳውን የሚጎዳውን ነው። ከዕርዱ ቦታ የሚመጣው አደጋ ግን ዞሮ ቤተሰቡን ያገኛል። ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባውም ይሄኛው ነው።

ቄራ የታረደ ከብት ሳንባና ጉበቱ በሥጋ መርማሪ ይታያል። በግቢ የታረደ በግ ግን መርማሪ የለውም፤ ለቅርጫ የተጣለ በሬም እንዲሁ። ፋሲካም ይሁን አረፋ፣ ገናም ይሁን እንቁጣጣሽ፣ ደረቱ ሲከፈት ሳንባው ላይ ወይም ጉበቱ ላይ ነጣ ያለ፣ በውሃ የተወጠረ ከረጢት ሊገኝ ይችላል። በእጅ ሲዳሰስ ጠጠር ይላል። ቢላዋ ሲነካው ጥርት ያለ ውሃ ይፈናጠራል። አራጁ ፊቱን ያጨማድድና ያንን ክፍል ለቅቆ ይቆርጠዋል፤ ቆርጦም ዙሪያውን ለሚያንዣብቡት ውሾች ይወረውረዋል። ሳንባ ከድሮም በብዙ ቤት የውሻ ድርሻ ነው።

የዚያ ከረጢት ምንጭ ኢኪኖኮከስ የሚባል ጥገኛ ትል ነው። ከረጢቱን የበላ ውሻ አንጀት ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች በብዛት ያድጋሉ። ውሻው ላይ ሕመም አይታይም። በሳምንታት ውስጥ ግን እንቁላላቸው ከዓይነ ምድሩ ጋር መውጣት ይጀምራል፤ ሣሩ ላይ፣ ውሃው ላይ፣ የራሱ የውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል። በግ ሣሩን ትበላለች፤ ልጅ ውሻውን ይደባብሳል፣ እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። በበጓ ሳንባ ላይ ያየነው ዓይነት ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ማደግ ይጀምራል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊኖር ይችላል። ሲገኝ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ረጅም የመድኃኒት ጊዜ ነው። ውስጥ ውስጡን ከፈነዳ ለሞት የሚያደርስ የሰውነት መቆጣት ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማንኛውም ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። በአገራችን ደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች በብርቱ የሚጠቁበት አካባቢ ሆኖ ይታወቃል።

(ድምፅ፦ ነፋስ)

ይህን በሽታ ያሸነፈ አገር አለ፤ አይስላንድ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዓለም ላይ በዚህ ሕመም እጅግ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሰው ወደዚያ ሄዶ የውሾችን አንጀት እየከፈተ መረመረ፤ ከአራት ውሾች ከአንድ በላይ ትሉ ተገኘባቸው። በማግስቱ ዓመት ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ተዘጋጅታ ታደለች። የምትለው ቀላል ነበር፦ ከረጢት ያለበትን የሆድ ዕቃ አጥፉ፣ ውሾቻችሁን ከዕርድ አርቁ። ያን ጊዜ ለሰው የሚሆን መድኃኒት አልነበረም። ሕግም ተከተለ፤ ዛሬ አይስላንድ ከበሽታው ነፃ ከሚባሉት አገሮች ናት። ያዳናት የአራጁ ቢላዋ የቆረጠው ነገር የት እንደሚጣል መታወቁ ነው። ይህ ለእኛ ግቢ የሚከብድ ነገር አይደለም።

(ድምፅ፦ ሰንሰለት፤ የውሻ ደስታ)

እንግዲህ የቡቺ ድርሻ ይቀነስ። ጊዜው ቁሌቱ ላይ ብልቱ ከመጨመሩ በፊት ነው። አንገቱን፣ ክንፉን፣ ከጀርባው የተረፈውን ሥጋ ከጨው ውሃው አለቅልቃችሁ ለብቻው በንጹሕ ውሃ ቀቅሉ። ሽንኩርት የለ፣ በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ። አጥንቱን ልቀሙለትና ሥጋውን በመረቁ ከራሰ እንጀራ ጋር ስጡት። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ይሁን፤ ሆዱ ሲለምድ በሚቀጥሉት ቀናት ይጨመርለታል። ለድመቷ ለውሮ አንድ ሁለት ጉርሻ የሚያህል ቁራሽ ይበቃታል።

በጉ ሲታረድ ውሻው ይታሰር፤ የሰፈር ውሾችም በሩ ይዘጋባቸው። ሳንባና ጉበት ለውሻ የሚሰጥ ከሆነ ተቆራርጦ ከ30 ደቂቃ ያላነሰ ይቀቀል። ከረጢት የታየበት ግን ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

የትሉ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ የእንስሳት ሐኪም ያዝዘዋል። በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲሰጥ ይመከራል፤ ከእንቁጣጣሽ ተነሥቶ በየሦስት ወሩ መቁጠር ይቻላል። መድኃኒቱን በወሰደ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ የሚጥለው ዓይነ ምድር የትሉ እንቁላል ስላለበት በአካፋ ተለቅሞ ይቀበራል። ከውሻው ጋር ሲጫወቱ የዋሉ ልጆችም ወደ መሶቡ ከመቅረባቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።