በሆድ ውስጥ ተሰውሮ ስለሚያብጥ የደም ሥር



ብዙው በሽታ አስቀድሞ መልእክተኛ ይልካል፤ ራስ ይፈልጣል፥ ትኩሳት ይነሣል፥ ሕመምተኛውም ወደ ሐኪም ይሄዳል። ዛሬ የምንናገርለት በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቈያል።

ከልብ የሚወጣው ታላቁ ደም ቅዳ፥ አኦርታ የሚባለው፥ በደረትና በሆድ በኩል ወርዶ ለታችኛው አካል ደም ያድላል። በሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው በዕድሜ፥ በትምባሆና በደም ግፊት ሲደክም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። 3 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ሐኪሞች አኒውሪዝም ይሉታል። የፈነዳ እንደ ሆነ ከ10 ሕሙማን 8 ያህሉ ይሞታሉ።

ታላቁ ሊቅ አልበርት አይንሽታይን የሞቱት በዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዶክተር ሩዶልፍ ኒሰን ያበጠውን ደም ሥር በሴሎፎን ጠቅልለውላቸው ነበር። በ1955 ሲፈነዳ ግን ሁለተኛ ቀዶ ጥገና አልፈቀዱም፤ በ76 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ እብጠቱን ሳይፈነዳ ማግኘት ይቻላል። አልትራሳውንድ የተባለው መሣሪያ በድምፅ ሞገድ የደም ሥሩን ስፋት ይለካል፤ አይወጋም፥ አያምም፥ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ከ65 እስከ 74 ዓመት የሆናቸውን 67,800 ያህል ወንዶች በሁለት ከፍሎ ተከታተለ። ለምርመራ ከተጠሩት መካከል በዚህ በሽታ የሞቱት፥ ካልተጠሩት ይልቅ በ42 በመቶ አነሱ።

በዚህም ምክንያት በእንግሊዝ አገር ወንዶች 65 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ለምርመራ ይጠራሉ። በአሜሪካ ደግሞ ከ65 እስከ 75 ዓመት ያሉ፥ በሕይወታቸው ትምባሆ ያጨሱ ወንዶች አንድ ጊዜ እንዲመረመሩ ይመከራል። በሽታው ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ይበዛል፤ አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰውም የበለጠ ያሠጋዋል።

«ቢገኝብኝ ወዲያው ሆዴን ይቀዱኛል» ብሎ የሚፈራ አለ። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቀዶ ጥገናው ራሱ አደጋ ስላለበት፥ ትንሹ እብጠት በየጊዜው እየተለካ ይጠበቃል፤ በወንዶች ዘንድ ስለ ቀዶ ጥገና የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነው። እስከዚያው ትምባሆን መተውና የደም ግፊትን መቈጣጠር ይገባል።

እንግዲህ ጡረታው የተቃረበና ሲያጨስ የኖረ ሁሉ፥ «አላመመኝም» በማለት ሳይዘናጋ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።