የውጭ ካፒታልን የሚመለከቱ ሦስት ስያሜዎች፦ «መዋዕለ ንዋይ»፣ «ባለሀብት»፣ «እሽሙር»

አንድ አገር የኢኮኖሚ ሥርዐቱን ሲለውጥ የሕጉ ቃላትም አብረው ይለወጣሉ። በአገራችን በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ድርጅቶች የመንግሥት ሲሆኑ «መውረስ» የዕለት ተዕለት ቃል ሆነ፤ በ1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ታወጀ፤ በ1984 ዓ.ም. የወጣው የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 15 ደግሞ የነጻ ገበያን ቃላት አስከተለ። በሩ እየሰፋ ሄዶ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 የውጭ ባንኮች እንዲገቡ ፈቀደ።

የስያሜ ጉዳይ የቋንቋ ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት፣ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣ ሕግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎቹ ቢለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የውጭው ነጋዴ እንግሊዝኛውን አንብቦ ገንዘቡን ያመጣል፤ መብቱ የሚለካው ግን በአማርኛው ነው። ስለዚህ ሦስት ስያሜዎችን እንመርምር።

ሀ) መዋዕለ ንዋይ። «መዋዕል» በግእዝ «ቀናት፣ ዘመን» ማለት ነው፤ በ«ዜና መዋዕል» እናውቀዋለን። «ንዋይ» ዕቃና ገንዘብ ነው፤ በ«ንዋየ ቅድሳት» የተከበረ፣ በ«ፍቅረ ንዋይ» የተነቀፈ ነው። ጥምሩ ቃል በቃል ሲፈታ «የገንዘብ ቀናት» የሚል እንግዳ ትርጉም ይሰጣል። ሥሩ «ወዐለ» መሆኑን ስናስተውል ግን ከአማርኛው «ዋለ፣ አዋለ» ጋር ይገናኛል፤ ገንዘብን በሥራ ላይ ማዋል ማለት ነውና ስያሜው መሠረት አለው።

ችግሩ አብሮት በሚሄደው ግስ ላይ ነው። «መዋዕለ ንዋይ አፈሰሰ» ማለት ተለምዷል፤ ነገር ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ደግሞ የውጭው ኢንቨስተር ትርፉንና ድርጅቱን ሲሸጥ የሚያገኘውን ገንዘብ ወደ ውጭ እንዲልክ ይፈቅዳል። ሕጉ ይመለሳል የሚለውን ግሱ ፈሶ ቀረ ሊል አይገባም። «አዋለ» ለሥሩም ለሕጉም የቀረበ ነው። በተጨማሪም ካፒታሉንም ድርጊቱንም በዚህ አንድ ስያሜ መጥራት ትርጓሜውን በራሱ ላይ ያዞረዋል።

ለ) ባለሀብት። «ሀብት» «ወሀበ» (ሰጠ) ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ጥንተ ፍቺው «ስጦታ» ነው፤ በአማርኛ ግን ሀብታምነትን ያመለክታል። ስለዚህ «ባለሀብት» የሰውየውን ኑሮ እንጂ ድርጊቱን አይገልጽም። አዋጅ 1180 የሚጠይቀው ግን ሀብታምነትን አይደለም፤ የውጭው ኢንቨስተር በመደበኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ኢንቨስተር ጋር ሲጣመር 150,000 ዶላር እንዲመድብ ነው። ከብዙ ሠራተኞች አነስተኛ መዋጮ የተከማቸ የጡረታ ገንዘብም ኢንቨስተር ሊሆን ይችላል፤ ምንም ያልመደበ ቱጃር ግን አይሆንም።

ሐ) እሽሙር። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በዣን ኤስካራ፣ ከእርሳቸውም በኋላ በአልፍሬድ ዦፍሬ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ ነው። የእንግሊዝኛው ቅጂ «ጆይንት ቬንቸር» ያለውን የአማርኛው «የእሽሙር ማኅበር» አለው። ማኅበሩ ለሦስተኛ ወገኖች የማይገለጽና የሕግ ሰውነት የሌለው በመሆኑ፣ ነገርን ሸፍኖ መናገርን ከሚገልጸው «አሽሙር» ጋር የሚዛመደው ስያሜ የተዋጣለት ነው፤ ተርጓሚዎቹ ፊደሉን ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡን አይተዋል።

ዛሬ በኢንቨስትመንት ውሎች «ጆይንት ቬንቸር» ሲባል ግን፣ ብዙውን ጊዜ የውጭና የአገር ውስጥ ሸሪኮች በጋራ የሚያቋቁሙት፣ በግልጽ የሚመዘገብ ኩባንያ ነው። ተርጓሚው የንግድ ሕጉን ገልጦ «እሽሙር» ብሎ ቢያሰፍር፣ ሸሪኮቹ የሕግ ሰውነት ያለው ኩባንያ ሲያስቡ ወረቀቱ ስውር ማኅበር ይሰጣቸዋል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. በሕግ ጽሑፍ «ካፒታል» ለገንዘቡ፣ «ኢንቨስትመንት» ለድርጊቱ፣ «ኢንቨስተር» ለአድራጊው ይዋል። የውሰት ቃል የሚነቀፈው ያለ ፋይዳ ሲገባ እንጂ ፍቺን ሲያጠራ አይደለም።
2. «መዋዕለ ንዋይ» በጋዜጣና በሥነ ጽሑፍ ይቀጥል፤ ግሱ «አዋለ» ይሁን።
3. «እሽሙር» ለስውሩ ማኅበር ብቻ ይጠበቅ፤ ሌላው «የጋራ ኩባንያ» ተብሎ፣ አክሲዮን ማኅበር ወይም ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር መሆኑ ይገለጽ።

ተርጓሚ ቃሉን ከመምረጡ በፊት፣ ክርክር ቢነሣ ዳኛው በዚያ ቃል ምን ሊፈርድበት እንደሚችል ይጠይቅ።