ስለ «ክረምት» ፍች፦ የልጆች የዕረፍት ወራት ጨዋታ በትርጉም ሥራ

ከውጭ ቋንቋ በሚተረጐሙ የመምህራን መምሪያዎችና የልጆች መጻሕፍት ውስጥ ከሚያጋጥሙን ርእሶች አንዱ ልጆች በ«ዊንተር» የትምህርት ዕረፍት ከቤት ውጭ፣ በተፈጥሮ መካከል የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ተርጓሚው የተለመደውን አቻ ይዞ «የክረምት ዕረፍት» ብሎ ሲጽፍ ዐረፍተ ነገሩ እንከን የሌለው ይመስላል። ዳሩ ግን ያመለከተው ሌላ ወር፣ ሌላ አየርና ሌላ ጨዋታ ነው። የስሕተቱን ምንጭና መታረሚያውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው በባሕረ ሐሳብ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። የክረምት ዋና መለያው ዝናብ ነው፤ ብርድ ቢኖርበትም ተከታይ ነው። የአውሮፓ ዊንተር ግን ከታኅሣሥ 12 ገደማ እስከ መጋቢት 11 ገደማ ስለሚቈጠር አብዛኛው በእኛ በጋ ላይ ይውላል። ትምህርት ቤቶቻችን የሚዘጉባቸው ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የአውሮፓ «ሰመር» ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲዎች በእነዚህ ወራት የሚሰጡትን ትምህርት «የክረምት መርሐ ግብር» ማለታቸውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል በአንድ ገጽ የሰመር፣ በሌላው የዊንተር አቻ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ አቻነት አንዱ መሠረት የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ይመስለናል። በማቴዎስ 24፥20 ሽሽቱ እንዳይሆንበት የተባለው ወቅት፣ በመኃልየ መኃልይ 2፥11 ከዝናቡ ጋር ያለፈው ወቅት «ክረምት» ተብሏል። በፍልስጥኤም ምድር ዝናብ የሚጥለው በብርዱ ወራት በመሆኑ የቀደሙት ተርጓሚዎች አልተሳሳቱም። ስሕተቱ የተፈጠረው አቻው ዝናብን ከብርድ ለይቶ ሳይመረምር ወደ በረዷማ አገሮች ሲዛወር ነው። ሮቤል ተክለማርያም ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ መንሸራተት የተወዳደረበት የቱሪን ኦሊምፒክ «የክረምት» ቢባልም የተካሄደው በየካቲት 1998 ዓ.ም.፣ በእኛ በጋ ነበር።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በመተከል ዞን የምትገኘውን ድባጤን ለምሳሌ እንውሰድ። በዚያ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። የልጆች የክረምት ዕረፍት ጅረት የሚገደብበት፣ ጭቃ የሚድቦለቦልበት፣ «ሽመል» የሚባለው የቆላ ቀርከሃ አዲስ ቡቃያ የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ወንዝም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ለድባጤ ልጅ «በክረምት ዕረፍት ወንዙ ላይ ወጥታችሁ ተጫወቱ» የሚል ትርጉም ቢደርሰው፣ በመነሻው ቋንቋ የረጋ ውሃን የሚመለከተው ምክር በእርሱ ዘንድ ወደ ደራሽ ውሃ የሚመራ ይሆናል። በወረዳው አፋቸውን በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአገውኛ የፈቱ ልጆችም አሉ። እነዚህ የአማርኛን ቃል ከመጽሐፍ በሚማሩበት ጊዜ ፍቹንም የሚወስዱት ከዚያው ነው።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን።

ሀ) የመነሻው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ዝናብ ወራት ከሆነ «ክረምት» ይጸና፤

ለ) ስለ ውርጭና ስለ በረዶ ከሆነ «የብርድ ወራት» ይባል፤ ዕረፍቱም «የብርድ ወራት የትምህርት ዕረፍት» ይሁን፤

ሐ) ቁም ነገሩ ወሩ ከሆነ የወሩ ስም በእኛ አቈጣጠር ይጻፍ፤

መ) «በረዶ» ለእኛ ልጅ በቅድሚያ ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር ስለሆነ፣ መሬት የሚያለብሰው ሲጠቀስ «እንደ ጥጥ የሚወርድ በረዶ» ተብሎ ይገለጥ፤

ሠ) ጨዋታውን ወደ አገራችን ማዛመድ ካስፈለገ ለብርዱ ወራት የሚቀርበው በታኅሣሥና በጥር በደረቅ ሜዳ የሚመታው የገና ጨዋታ ነው።

«የክረምት ኦሊምፒክ»ን የመሰሉ የጸኑ ስያሜዎችን ለመለወጥ አንሻም፤ እነርሱ ስም ሆነዋል። መመሪያና ምክር ግን የሚፈጸም ነገር ነውና፣ ተርጓሚው «ክረምት» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንባቢው በዚያ ወር በደጁ ምን እንደሚያይ ይጠይቅ።