ንግድን በክርክር የሚያስተምር ትምህርት ቤት

ንግድ ከጥንት ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። በወደብ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ልጁን በመደብሩ ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ የሚዛኑን አያያዝ፥ የዕቃውን ዓይነትና የሰውን ጠባይ ያሳየው ነበር። መደብሩ አድጎ በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች ያሉት ኩባንያ በሆነበት ዘመን ግን ይህ ዓይነቱ ትምህርት ብቻውን የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህም ንግድ በዩኒቨርሲቲ ሊማሩት የሚቻል ዕውቀት ነው ወይስ በሥራ ላይ ብቻ የሚገኝ ብልሃት ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጡ ከተነሡት አንዱ በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 ዓመት ሲመሠረት በንግድ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ በመስጠት የመጀመሪያው ሆነ። በ1919 የዲንነቱን ሥልጣን የተረከቡት ዋላስ ዶናም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ፥ በባንክም ሥራ የቈዩ ሰው ነበሩ። በሕግ ትምህርት ቤቱ ከ1870 ጀምሮ ክሪስቶፈር ላንግዴል ባቆሙት ልማድ ተማሪዎች እውነተኛ የፍርድ ጉዳዮችን አንብበው ይከራከሩ ስለ ነበር፥ ዶናም ይህንኑ ዘዴ በንግድ ትምህርት ላይ በሰፊው አዋሉት። በ1924 ጆርጅ ቤከር የተባሉት የባንክ ባለጸጋ አምስት ሚሊዮን ዶላር በመለገሳቸው በቻርልስ ወንዝ ማዶ የትምህርት ቤቱ ሕንጻዎች ተሠርተው በ1927 ተመረቁ።

የትምህርቱ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። በአንድ ኩባንያ የደረሰ እውነተኛ ችግር፥ ሂሳቡና ታሪኩ ጭምር፥ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለተማሪው ይሰጠዋል። ፋብሪካው ይስፋፋ ወይስ ይዘጋ? ዋጋው ይቀነስ ወይስ ይጠበቅ? ጽሑፉ መልሱን አይናገርም። ተማሪው ሌሊቱን ሲያነብና ሲያሰላ ያመሻል፤ በማግሥቱ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተመካክሮ ወደ ክፍሉ ይገባል። በዚያም መምህሩ አንዱን ተማሪ ሳያስጠነቅቅ በስሙ ጠርቶ፥ አንተ ሥራ አስኪያጁ ብትሆን ምን ታደርጋለህ ሲል ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ይነሣል። በኢትዮጵያ ጥንታዊ ሙግት ተሟጋቾች «ተጠየቅ» እየተባባሉ እውነትን ይፈልጉ እንደ ነበረ፥ በዚህም ክፍል አንዱ የሌላውን አሳብ እየመረመረና እየነቀፈ ነገሩ ይጠራል።

በአንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና የሚያህሉ ተማሪዎች ይገኛሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት በአንድነት ይማራሉ፤ በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዱ የወደደውን ይመርጣል። በ1953 የተሠራው የአልድሪች አዳራሽ ወንበሮቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ እርከን በእርከን ስለ ተደረደሩ ተማሪዎቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ተማሪ የሚመረምራቸው ጉዳዮች አምስት መቶ ያህል ይደርሳሉ። ከዚህም በቀር ትምህርት ቤቱ የዶክትሬት ትምህርት ይሰጣል፤ ከ1945 ጀምሮም በሥራ ላይ ላሉ ከፍተኛ አስተዳዳሪዎች የተለየ ትምህርት አቋቁሟል።

ዘዴው ግን የራሱ ችግር አለው። በክፍል ውስጥ የሚነገረው ቃል በብዙ ትምህርት ከውጤቱ እስከ ግማሽ የሚደርስ ዋጋ ስላለው፥ ዐዋቂ ሆኖ ዝምተኛ የሆነ ሰው ይጎዳል። ዳሩ ግን ከዝምተኛው ይልቅ የሚያሳስበው ጨርሶ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ የተከለከለው ነበር። ሴቶች ከ1937 ጀምሮ በራድክሊፍ ኮሌጅ ለብቻቸው የአንድ ዓመት ትምህርት ይሰጣቸው ነበር እንጂ ከወንዶቹ ጋር አይቀመጡም ነበር። ስምንት ሴቶች በሁለት ዓመቱ ትምህርት ከመጀመሪያው ዓመት አንሥተው የገቡት በ1963 ነው። በ1968 ደግሞ አምስት ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር አቋቁመው የጥቁሮች ቍጥር እንዲጨምር ጠየቁ፤ በ1969ም ሊሊያን ሊንከን ከትምህርት ቤቱ በዚህ ዲግሪ የተመረቁ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ።

በሩ ከተከፈተ በኋላም ነገሩ አላበቃም። ኒቲን ኖህሪያ በ2010 ዲን ሲሆኑ፥ የሴቶቹ ውጤት ከወንዶቹ ያነሰ ሆኖ ይታይ ነበር፤ በተለይም የሚያንሰው በመናገር የሚገኘው ነጥብ ነበር። የሴቶቹ ንግግር ማነሱ ነው ወይስ የመምህሩ ትዝታ ማድላቱ? ይህን ለመለየት በየክፍሉ የተነገረውን የሚመዘግቡ ጸሐፊዎች ተቀመጡ፤ መምህሩም ነጥብ ሲሰጥ በትዝታው ብቻ ሳይሆን በመዝገቡ ይመራ ጀመር። መምህራኑና ተማሪዎቹም ሌላ ምክርና ልምምድ ተጨመረላቸው። በ2013 በተመረቁት ዘንድ በሴቶችና በወንዶች ውጤት መካከል የነበረው ልዩነት እጅግ ጠብቦ ተገኘ።

ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው፥ መልካም ፍርድ በክርክር ሊሠለጥን ይችላል፤ ነገር ግን ክርክሩ የሚያስተምረው በክፍሉ ያለው ሁሉ ሲሰማ ነው። ሂሳብ ዐዋቂ ነጋዴ የሠራተኛውን ወይም የደንበኛውን ቃል ሳይሰማ ቀርቶ ኪሳራ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ሁሉ፥ የንግድ ትምህርት ቤትም የተማሪዎቹን ድምፅ እኩል ካልመዘነ የገዛ ትምህርቱን ያጐድላል።