«ብዪ እንጂ እማዬ!»

እኔ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት ታውቆ ኬሞቴራፒ ስትጀምር፣ እኛ ቤት የምናውቀው የማስታመም ዘዴ ሁለት ብቻ ነበር፤ ማስተኛትና ማጉረስ። ዶሮ ወጥ በሰሃን ሙሉ አቀርብና «ብዪ እንጂ እማዬ!» እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ። እሷ ግን ገና ሽታው ሲደርሳት ያቅለሸልሻታል። ሦስተኛውን ዙር ስትወስድ 5 ኪሎ ቀንሳ ነበር። በዚያ ላይ ሁዳዴ ሲገባ «እጾማለሁ» አለች!

ክትትል የምታደርግላት ሲስተር ነገሩን አስረዳችን። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ያጠቃል። የካንሰር ሴሎች እንዲህ ናቸው፤ ነገር ግን በአፍ፣ በአንጀትና በመቅኒ ውስጥ ያሉ ጤነኛ ሴሎችም በፍጥነት ይባዛሉ። ለካ አፏ የሚቆስለው ለዚህ ነው! ነጭ የደም ሴሎችም ስለሚቀንሱ በቀላሉ ለኢንፌክሽን ትጋለጣለች።

ታዲያ ምን አደረግን? ሰሃን ሙሉው ቀርቶ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ሆነ። አፏን እንዳያቃጥላት በርበሬውን ትተን አልጫ ሽሮ፣ አጥሚትና ገንፎ ሠራን። ፕሮቲን እንድታገኝ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የፈላ ወተትና ምስር ጨመርን። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ግን ክልክል ነው። የጾሙንም ነገር የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ሕመምተኛ አይገደድም» ብለው ፈቱላት።

እንቅስቃሴስ? ሁልጊዜ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፤ ድካሙንም ያብሰዋል። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ መካከለኛ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ለ30 ደቂቃ መሥራት የካንሰር ታማሚዎችን ድካም ይቀንሳል። እማዬ ሐኪሟን አማክራ የጀመረችው ግን ከደጃፋችን እስከ ሱቁ በ5 ደቂቃ የእግር ጉዞ ነው። የሚያዞራት ቀን አንወጣም። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው!

ልብ በሉ! ምግብም ሆነ እንቅስቃሴ ኬሞቴራፒውን አይተካም፤ ሕክምናውን እንድትችለው አቅም ይሰጣታል እንጂ። የባህል መድኃኒትም ቢሆን ለሐኪም ሳይነገር አይወሰድም።

እማዬ አሁን ክብደቷ መቀነሱን አቁሟል። ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ነይ እንጂ፣ ዛሬ እስከ አስፋልቱ ነው» አለችኝ። አሁን የምትጨቀጭቀኝ እሷ ሆናለች።

እናንተም ቤት ታማሚ ካለ «ብሉ» ከማለታችሁ በፊት «ምን ይዋጥልዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቸር እንሰንብት!